መርሳትን ማስታመም፦ የመቶ ዓመት ታሪክ

አውጉስተ ዴተር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1901 ፍራንክፈርት ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ስትገባ 51 ዓመቷ ነበር። ከታዩባት የመጀመሪያ ለውጦች አንዱ ቅናት ነው፤ የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረውን ባሏን በሌላ ሴት ትጠረጥረው ጀመር። መርሳት፣ ዕቃ መደበቅ፣ ቤት ውስጥ መንጎራደድና መጮህ ታከሉበት። የመረመራት ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ነበር። የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) በገባበት ቤት አስታማሚን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው ይኸው የጠባይና የስሜት መለወጥ ነው።

የፍራንክፈርቱ ሆስፒታል ለዘመኑ ለዘብ ያለ ነበር። ዳይሬክተሩ ኤሚል ሲዮሊ፣ በእንግሊዝ ሮበርት ጋርዲነር ሂልና ጆን ኮኖሊ በ1830ዎቹ ያስፋፉትን፣ ሕመምተኛን ያለማሰር አሠራር ተቀብሎ ነበር። የተረበሸ ሰው ለብ ባለ ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ለሰዓታት እንዲቆይ ይደረጋል፤ የማስተኛ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ይህም ካልሠራ ለብቻው ክፍል ይዘጋበታል። ሌሊት ሌሊት ወደ ሌሎች አልጋ እየሄደች የምትቀሰቅሳቸው ዴተር ይህ የመጨረሻው ደርሶባታል።

በኤፕሪል 1906 ስትሞት አልዛይመር አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መረመረ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ግኝቱን ቱቢንገን ላይ አቀረበ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ኤሚል ክሬፕሊን በ1910 ባሳተመው የመማሪያ መጽሐፍ በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠራው። ከዚያ ወዲህ ጩኸቱና ቁጣው የተበላሸ አንጎል ትርፍራፊ ተደርጎ ስለተቆጠረ፣ ምክንያቱን መጠየቅ ከንቱ መሰለ። በ1930ዎቹ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዴቪድ ሮትሽልድ የተባለ ሐኪም፣ በአስከሬን አንጎል ላይ የሚታየው ጉዳትና በሕይወት ሳሉ የታየው ሕመም ሁልጊዜ እንደማይመጣጠኑ ጽፎ ነበር። የሰውየው ጠባይና ያሳለፈው ኑሮም ድርሻ አላቸው ሲል ተከራከረ። ሐሳቡ ግን ብዙ አልዘለቀም።

በ1952 ፓሪስ ውስጥ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ለሥነ አእምሮ ሕክምና ዋለ፤ በ1958 ቤልጅግ ውስጥ የፖል ያንሰን ቤተ ሙከራ ሃሎፔሪዶልን ሠራ። ሁለቱም ለጃጁ ሰዎች ታስበው የተሠሩ አልነበሩም። ግን ያፈዛሉ፤ የፈዘዘ ሰው ደግሞ አይጮኽም፣ በር ከፍቶም አይወጣም። በአሜሪካ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ በ1965 ከታወጁ በኋላ የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች በዙ። ጥቂት ሠራተኛ ብዙ አረጋዊ በሚጠብቅበት ቤት እንክብሉ የማታ ተረኛ ሆነ። በቀበቶ ከወንበር ጋር ማሰርም የተለመደ ነበር፤ ሰበቡ እንዳይወድቁ የሚል ነው። ታስሮ የሚውል ሰው ግን ጉልበቱ ይዝላል፣ ገላው ይቆስላል፣ ቁጣውም ይብሳል።

በዚያው ዘመን ከመድኃኒት ውጭ መላ የፈለጉም ነበሩ። ጄምስ ፎልሶም የተባለ ሐኪም በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ያስጀመረው ዘዴ ሕመምተኛውን ወደ እውነታው መመለስ ነው፤ ቀኑና የአየሩ ሁኔታ በሰሌዳ ይጻፋል፣ ሠራተኛው ሁሉ ስሕተቱን ያርማል። ለአንዳንዱ ጠቅሟል። እናታቸውን የሚፈልጉ የ85 ዓመት ባልቴት ግን «እናትዎ እኮ ሞተዋል» በተባሉ ቁጥር መርዶውን እንደ አዲስ ይሰማሉ። ክሊቭላንድ ውስጥ አባቷ በሚያስተዳድረው የአረጋውያን መኖሪያ ያደገችው ናኦሚ ፋይል ከ1963 ጀምሮ ማረሙን ተወችው። እናቱን ለሚጠራ ሰው ስለ እናቱ እየጠየቁ ናፍቆቱን መጋራት ይሻላል አለች፤ ዘዴዋን በ1982 በመጽሐፍ አወጣች። ጥናቶች ውጤቱን በሚገባ አላረጋገጡላትም፤ ለአስታማሚ ግን ቢያንስ መርዶ ነጋሪ ከመሆን አድኖታል።

ትልቁ ለውጥ ከሕግ በኩል መጣ። በ1987 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ለቅጣት ወይም ለሠራተኛ ምቾት ሲባል አረጋዊን በቀበቶም ሆነ በመድኃኒት ማሰርን ከለከለ። የነርስ ረዳቶች ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስዱም አዘዘ፤ በዋሽንግተንና አካባቢው መጦሪያ ቤቶች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የሚያልፉበት ሥልጠና መነሻው ይህ ነው። ማሰሩ በግልጽ ቀነሰ።

በእንግሊዝ ብራድፎርድ ደግሞ ቶም ኪትዉድ የተባለ ተመራማሪ በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሕመምተኛውን ጠባይ ከሚያበላሹት ነገሮች አንዱ በዙሪያው ያሉ ሰዎች አያያዝ ነው ብሎ ተከራከረ፤ እንደ ሕፃን ማናገር፣ እያለ እንደሌለ ማውራት፣ ማጣደፍ። ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው አሠራር ቁጣውን ከማብረድ በፊት መንስኤውን ይፈልጋል፦ የጥርስ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ረኃብ፣ ጫጫታ። በ2011 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ይህን በቁጥር አሳየ። በ18 መጦሪያ ቤቶች የሚኖሩ 352 ሰዎች ተሳትፈውበታል፤ ለስምንት ሳምንት በሥርዓት የሕመም ማስታገሻ የተሰጣቸው ሰዎች መረበሽ ከሌሎቹ በ17 በመቶ ያህል ቀነሰ። ለብዙዎቹ የተሰጣቸው ፓራሲታሞል ነበር።

የእነዚያ የሚያፈዙ መድኃኒቶች ዋጋም ታወቀ። በ2005 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ አዳዲሶቹ የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋ እንደሚጨምሩ አስጠነቀቀ፤ በ2008 ማስጠንቀቂያው እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉትን ነባሮቹንም ጨመረ። በ2009 ለእንግሊዝ መንግሥት የቀረበ ሪፖርት ደግሞ በአገሪቱ 180,000 ያህል ሕመምተኞች እነዚህን መድኃኒቶች እንደሚወስዱና በዚህ ሰበብ በየዓመቱ 1,800 ያህል ተጨማሪ ሰዎች እንደሚሞቱ ገመተ።

በዚያው ዓመት በኔዘርላንድስ ቬስፕ ከተማ ደ ሆግቬይክ ተከፈተ፤ ሱቅ፣ ምግብ ቤትና ቴአትር ያለው የመርሳት ሕሙማን መንደር ነው። ነዋሪው በመንደሩ ውስጥ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል፤ መውጫው በር ግን ይጠበቃል። ጀርመን ዱሰልዶርፍ ውስጥ ያለ አንድ መጦሪያ ቤት ደጃፉ ላይ አውቶቡስ የማይመጣበት ፌርማታ አቁሟል፤ ወደ ቤቴ ልሂድ ብሎ የወጣ ሰው እዚያ ይቀመጣል፣ ሠራተኛ መጥቶ ያጫውተዋል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም አብረው ይመለሳሉ። ማታለል ነው የሚሉ አሉ። ከቀበቶው ጋር ሲነጻጸር ግን ለመምረጥ አያስቸግርም።

መድኃኒቱም አልቀረም። በሜይ 2023 ብሬክስፒፕራዞል የአልዛይመር ሕሙማንን መረበሽ ለማስታገስ በአሜሪካ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ፤ የ2005ቱን የሞት ማስጠንቀቂያ እንደያዘ ነው የሚሸጠው።