ፒስታ፣ ካንቻ፣ ቅጥር

ኮርዶባ በሚል አንድ ስም ከሚጠሩ ከተሞች ሁለቱን እንውሰድ። አንዷ በደቡብ ስፔን ናት፤ ከ300 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላት መካከለኛ ከተማ። ሌላዋ በአርጀንቲና ናት፤ ነዋሪዋ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። በሁለቱም ስፓኒሽ ይነገራል፤ በሁለቱም ፓዴል ይወደዳል። ይሁንና መጫወቻ ቦታ የሚያፈላልግ ሰው በስፔኗ ኮርዶባ «ፒስታ የት አለ?» ሲል፣ በአርጀንቲናዋ «ካንቻ የት አለ?» ይላል። የሚፈለገው ነገር አንድ ነው። ቃላቱ ግን ከተለያየ ዓለም የመጡ ናቸው፤ ስለ ቦታው የሚነግሩንም ለየቅል ነው።

ፓዴል ቴኒስን ይመስላል፤ የሚለየው ግድግዳው ነው። ርዝመቱ 20፣ ስፋቱ 10 ሜትር በሆነ ስፍራ አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ሆነው ይጫወቱታል። ዙሪያው በመስታወትና በሽቦ ታጥሯል፤ ኳሷ መሬት ከነካች በኋላ ግድግዳ ብትመታም ጨዋታው ይቀጥላል። በ1969 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሜክሲኮዋ አካፑልኮ ኤንሪኬ ኮርኩዌራ የተባለ ባለጸጋ በመኖሪያ ግቢው ውስጥ ጀመረው። በ1974 ወዳጁ ልዑል አልፎንሶ ሆሄንሎሄ ወደ ስፔን፣ ወደ ማርቤያ ወሰደው፤ በቀጣዩ ዓመት ሁሊዮ ሜንዲቴጊ አርጀንቲና አደረሰው። ግቢ ውስጥ መወለዱን አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

የጨዋታው ስም ከጨዋታው በላይ ዞሯል። መነሻው የእንግሊዝኛው «ፓድል» ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊ ገበሬ «ፓድል» ሲል ማረሻው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ የሚፍቅበትን ትንሽ አካፋ ማለቱ ነበር። በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስም፣ ዘዳግም 23 ላይ፣ እስራኤላዊው ተዋጊ ከሰፈር ወጥቶ መሬት የሚቆፍርበት መሣሪያ በዚሁ ቃል ተጠርቷል። ቃሉ ቆይቶ የጀልባ መቅዘፊያን፣ ከዚያም ኳስ የሚመታበትን ጠፍጣፋ እንጨት ያዘ። አሜሪካዊው ፍራንክ ቢል በ1898 ለልጆች ያሳነሰው ቴኒስ «ፓድል ቴኒስ» ተባለ። ስፔኖች ቃሉን ተቀብለው እንደ ጆሯቸው «ፓዴል» ብለው ጻፉት፤ እንግሊዞችም አዲሱ ጨዋታ ከስፔን ሲደርሳቸው የገዛ ቃላቸውን በስፓኒሽ አጻጻፉ መልሰው ወሰዱት። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የመምቻው ስም ነው። የስፔን ተጫዋች መምቻውን «ፓላ» ይለዋል፤ ፓላ አካፋ ነው። ሁለት ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ የእርሻ መሣሪያ ላይ ተገናኙ። ራኬት የሚለው ስም የቀረበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ የፓዴል መምቻ ጅማት አልተወጠረበትም፤ ድፍንና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነው። (ራኬትን ብዙ መዛግብተ ቃላት በፈረንሳይኛ በኩል ወደ ዐረብኛው «ራሓ»፣ ወደ መዳፍ፣ ይመልሱታል። የግእዙ «እራኅ»ም መዳፍ ነው፤ በድምፅም በትርጉምም መቀራረባቸውን ልብ ይሏል።)

ወደ ቦታው ስም እንመለስ። «ፒስታ» ለኛ እንግዳ አይደለም። አስፋልት ያልለበሰውን፣ ጠጠርና አፈር የሆነውን መንገድ «ፒስታ መንገድ» እንላለን፤ ቃሉን ከጣሊያንኛ ወስደነዋል። ስፔኖችም ከዚያው ነው የወሰዱት። ሥሩ መውቀጥን፣ መርገጥን የሚያመለክት የላቲን ግስ ነው፤ ቅጠልና ዘይት ተወቅጦ የሚሠራው የጣሊያኖች ፔስቶም የዚያው ግስ ልጅ ነው። ስለዚህ ፒስታ ማለት ተረግጦ ተረግጦ የጠነከረ መሬት ነው፤ የእንስሳ ዱካ፣ የሯጮች መም፣ የአውሮፕላን መንደርደሪያ፣ የዳንስ ወለል ሁሉ በስፓኒሽ ፒስታ ናቸው። ወንጀል መርማሪ የሚከተለው ፍንጭም እንዲሁ። ቃሉ ከእግር ሥር ያለውን ያያል፤ ስለ ዙሪያው ምንም አይነግረንም።

«ካንቻ» ግን ዙሪያውን ነው የሚያየው። ቃሉ የአንዲስ ተራሮች ሕዝብ ቋንቋ የሆነው የኬችዋ ነው፤ ትርጉሙም በግንብ የታጠረ ስፍራ፣ ግቢ ማለት ነው። በኩስኮ ከተማ ኢንካዎች ፀሐይን ያመልኩበት የነበረው ታላቅ መቅደስ «ኮሪካንቻ» ይባላል፤ የወርቅ ቅጥር ማለት ነው። አንድ የአርጀንቲና ወጣት ከሥራ መልስ ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚከራየው የፓዴል ስፍራ ከዚያ መቅደስ ጋር ስም ይጋራል። የእንግሊዝኛው «ኮርት»ም መንገዱ ይኸው ነው፤ በላቲን የታጠረ ጓሮ ነበር፤ ከዚያ የንጉሥ አደባባይ፣ የዳኞች ችሎት፣ የቴኒስ መጫወቻ ሆነ። የኛው «ግቢ»ስ? ከ«ገባ» ወጥቶ የቤቱን አጥር ውስጥ ይዞ ቤተ መንግሥትም ሆነ፤ አዲስ አበባ ላይ «ታላቁ ግቢ» ሲባል የምኒልክን ቤተ መንግሥት የማያውቅ የለም። የታጠረ ቦታ በሦስት አህጉራት ክብር አግኝቷል።

በስፔኗ ኮርዶባ ዓይነት ከተማ ፒስታ የሚፈልግ ሰው የሚገጥሙት ሌሎች ቃላትም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። አንዱ «ኡርባኒዛሲዮን» ነው። ቃሉን የባርሴሎናን ማስፋፊያ የነደፈው መሐንዲስ ኢልዴፎንስ ሴርዳ በ1867 በታተመ መጽሐፉ ስለ ከተሜነት ሳይንስ ተጠቅሞበታል። ዛሬ በተራው ሰው አፍ በአንድ አጥር የተሰበሰቡ የመኖሪያ ቤቶች ማለት ነው። ብዙዎቹ ከመዋኛው አጠገብ የነዋሪዎች ፓዴል መጫወቻ አላቸው፤ እዚያ ለመግባት የነዋሪ ወዳጅ መሆን ያስፈልጋል። ወዳጅ የሌለው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ስፖርት ማዕከል ወይም ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ኢንዱስትሪ መንደሩ ይሄዳል። እዚያ ያረጀ መጋዘን ወደ ቤት ውስጥ መጫወቻነት ተለውጦ ያገኛል፤ ስፔኖች ያን ሰፊ መጋዘን «ናቬ» ይሉታል። ናቬ ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙም መርከብ ነው። የአብያተ ክርስቲያናትን መካከለኛ አዳራሽም በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ ቤተ ክርስቲያንን በኖኅ መርከብ ለሚመስል የኛ አንባቢ ይህ ዝምድና ሩቅ አይሆንበትም።

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ፤ በመጀመሪያ የጨዋታው ስም። ፓዴል በባሕረ ሰላጤው አገሮችም እጅግ ተስፋፍቷል፤ በ2021 የዓለም ሻምፒዮና ዶሃ ላይ፣ በ2022 ዱባይ ላይ ተካሂዷል። ዐረብኛ የ«ፐ» ድምፅ ስለሌለው ስሙ «ባ» ብሎ ይነሣል። እኛ ግን የፊደል ገበታችን መደምደሚያ የሆነው «ፐ» አለን፤ አባቶች ለባዕድ ቃላት ያኖሩት ነው። ስለዚህ ዱባይና ዶሃ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ በዐረብኛው ተስቦ «ባዴል» የሚልበት ምክንያት የለውም።

የቦታው ስም ነው የሚቀረው። ልማዳችን የትኛውንም መጫወቻ «ሜዳ» ማለት ነው፤ የቴኒስ ሜዳ፣ የቅርጫት ኳስ ሜዳ። ሜዳ ግን ገላጣ መሬት ነው፤ የገና ጨዋታ የሚመጥነው ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ መስክ። ግድግዳው የጨዋታው አካል ለሆነበት፣ ግቢ ውስጥ ለተወለደ ፓዴል ይህ ስም አይስማማም። ከግእዙ «ቅጽር» የወረስነው «ቅጥር» የካንቻንና የኮርትን ትርጉም ሳይጎድል ይዟል። በዚያ ላይ አራት ሰው ካልተቃጠረና ሰዓት አስቀድሞ ካልተያዘ ፓዴል የለም፤ «ቅጥር» እና «ቀጠሮ» ደግሞ በአማርኛ ፊት ለፊት ሲታዩ መልካቸው አንድ ነው። ስለ ስፖርት የምትጽፉና የምትተረጉሙ ሁሉ፣ ጨዋታው ገና አዲስ ሳለ፣ ስሙም በሕዝብ አፍ ሳይደርቅ፣ «የፓዴል ቅጥር» በሉት፤ ሜዳውን ለእግር ኳስና ለገና ተዉላቸው።