የልጆቻችን ልደት በማን ትዝታ ተጠብቆ ኖረ?



በዚህ መጠለያ በምናስተምርበት ክፍል የተማሪዎች ስም ዝርዝር ላይ የልደት ቀን የሚጻፍበት ዓምድ አለ። ባለፈው ሰሞን ዓምዱን ከላይ እስከ ታች ስንመለከተው፣ ከጥቂቶቹ በቀር ሕፃናቱ ሁሉ በአንድ ቀን የተወለዱ ሆነው አገኘናቸው፤ ይኸውም በፈረንጆች ጃንዩወሪ 1 ቀን ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ስለሚውል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በወረቀት ላይ የጊዮርጊስ ዕለት ልጅ ሆኗል ማለት ነው። ነገሩ ያስቃል። ነገር ግን የገና ሰሞን በቀረበ ቁጥር «የእኔ ልደት መቼ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሕፃን መልስ ስናጣ ሳቁ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ እትም ወላጆቻችን የልጅን መወለድ በምን ያስታውሱ እንደ ነበር፣ የበዓላትም ሰሞን ለሕፃናት ምን እንደ ነበር ባጭሩ ለመመልከት ወደድን።

«የዱሮ ሰው የልጁን ልደት አያውቅም» ሲባል እንሰማለን። ይህ ትክክል አይደለም። ቀኑን በቁጥር ጽፎ የሚያስቀምጠው ጥቂት ቢሆንም ማስታወሻ አላጣም ነበር።

አንደኛው ማስታወሻ አገር ያወቀው ድርጊት ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ክፉ ቀን፣ የ1888ቱ የዓድዋ ዘመቻ፣ የ1909ኙ የሰገሌ ጦርነት፣ የ1911ዱ የኅዳር በሽታ፣ የ1928ቱ ማይጨው የዕድሜ መቁጠሪያ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «በኅዳር በሽታ ጊዜ ዳዴ እል ነበር» ካሉ ሰሚው የቀረውን ራሱ ያሰላዋል።

ሁለተኛው የዘመኑ ስም ነው። ዘመናቱ በአራቱ ወንጌላውያን በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ስም ስለሚጠሩ፣ የዘመኑ ስም ከታወቀ ስሕተቱ ቢበዛ አራት ዓመት ዘሎ ነው። ሦስተኛው የወሩ ቀን ነው። 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም መሆኑን የማያውቅ የገጠር እናት የለችም። «በዘመነ ሉቃስ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ ጎሕ ሲቀድ» ያለች እናት ፊደል ባትቆጥርም ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ተናግራለች። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣም ቀኑ እንደገና ይቈጠራል። በሙስሊሞች ቤት ደግሞ በሰባተኛው ቀን አቂቃ ታርዶ ስም ይወጣል፤ ልደቱም «የረመዳን መግቢያ»፣ «የዐረፋ ማግስት» እየተባለ ይታወሳል። የጨረቃ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በዓሉ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል፤ ቢሆንም የዓመቱ ነገር ከተያዘ ቀኑ አይጠፋም።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን፣ ይህን ሁሉ የሚይዘው ወረቀት ሳይሆን ሰው መሆኑን ነው። አዋላጇ ታውቃለች፤ የክርስትና እናት ታውቃለች፤ ገንፎ ልትበላ የመጣች ጎረቤትም «የእኔው ልጅ ከእሱ በሁለት ሳምንት ይበልጣል» ትላለች። እናት ብትረሳ መንደሩ ያስታውሳታል።

የልጁ ልደት ለብቻው የሚከበር ቀን አልነበረም። ሕፃናት የሚከበሩት በአገሩ በዓል ነው። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው በየደጁ ሲጨፍሩ ሙልሙል ይሰጣቸዋል። መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶቹ አደይ አበባና ቄጠማ ይዘው እየዘፈኑ ይዞራሉ፤ የከተማ ልጅ አበባ በቀለም ሥሎ ለዘመድ ያድላል። በገና ሜዳው የጨዋታው ነው። በጥምቀት አዲስ ልብስ ይወጣል፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለውም ስለዚህ ነው። ድኻውም ቢሆን ልጁን ወደ ጎረቤት ደጅ መስደድ ያስችለው ነበርና፣ ቀኑ የእኔ ነው የማይል ልጅ አልነበረም።

ኬክ ቆርሶ ሻማ ማጥፋት ዘግይቶ በከተማ የተለመደ ነው። ከዚያ በፊት በመላው አገር በየዓመቱ የሚከበር የአንድ ሰው ልደት ነበር፤ እርሱም በ1884 ዓ.ም. የተወለዱት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 16 ቀን ነው፤ እስከ አብዮቱ ድረስ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ቆይቷል። ተራው ሕፃን ግን መዝገብ አልነበረውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ሳለ፣ ያንኑ ክፍል ወደ ፊት በሚወጣ ትእዛዝ እስኪጀመር ድረስ አቈየው። አዲስ አዋጅ የወጣው በ2004 ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ከሃምሳ ዓመት በላይ አለፈ። ያን ሁሉ ዘመን ልደትን ይዞ ያቈየው ያው መንደሩ ነው።

አሁን ግን መንደሩ ተበትኗል። አዋላጇ አገር ቤት ቀርታለች፤ ጎረቤት ሌላ መጠለያ ገብቷል፤ የክርስትና እናት የት እንዳለች አይታወቅም።

እኛም ራሳችን ከዚህ ጥፋት አላመለጥንም። ልጃችን የተወለደችው ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። በመዝጋቢው ፊት ቆመን በአስተርጓሚ ስንጠየቅ፣ ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ብዛት አስደነገጠን፤ የዘመን አቆጣጠርን በሰሌዳ ያስተማርን ሰዎች ቀኑን ወደ ፈረንጅ መመለስ አቅቶን ዓመቱን ብቻ ተናገርን። ጃንዩወሪ 1 ቀን 2019 ተብሎ ተጻፈ። ልጅቷ በወረቀት ላይ ከእውነተኛ ዕድሜዋ 41 ቀን ታንሳለች። አምና ይህን ስንነግራት «እንግዲህ ዳቦው በየትኛው ቀን ይጋገርልኛል?» አለችን። ወረቀቱን የማረም ሥልጣን ባይኖረንም ዳቦው የሚጋገርበትን ቀን የምንወስነው እኛ ነን። ከራሽን ዱቄት በኅዳር ሚካኤል ተጋገረ፤ የጎረቤት ልጆችም ተጠርተው በሉ።

ስለዚህ ለወላጆች የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። በዚህ የበዓል ሰሞን እያንዳንዱ ቤት ለየልጁ አንዲት ወረቀት ይጻፍ፤ ዓመቱ፣ ወሩና ቀኑ፣ የተወለደበት ቦታ፣ ያዋለደችው ሴትና ስሙን ያወጣለት ሰው ይመዝገብበት። መጻፍ የማይችል ለተማሪው ይንገረው። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ለመመለስ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ 7፣ ከታኅሣሥ 23 በኋላ ለተወለደ 8 ይደመር። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን እስከ የካቲት ማለቂያ ገደማ ቀኑ በአንድ ስለሚለወጥ ጥንቃቄ ያሻል። ለሚቸገር ሰው ከትምህርት ሰዓት በኋላ እናሰላለን።

የሚያስታውሱ አያቶች ዛሬ በመካከላችን አሉ። እነርሱ ሳሉ እንጠይቃቸው።