የጉና ራስና የአንዲት ወፍ ስያሜ

ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ፋርጣ፣ እስቴና ላይ ጋይንት የሚገናኙበት ነው። ርብና ጉማራ ከዚሁ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ምድሩ በስማዳ በኩል እየተቆራረጠ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። ጓሳና ጅብራ የለበሰው የተራራው ራስ፣ ለውርጭ ፍጥረታት በቆላ የተከበበ ደሴት ማለት ነው።

ከነዚህ የውርጭ ፍጥረታት አንዷ ቡናማ ላባ፣ አጭር ጅራትና ረዘም ያለ እግር ያላት ታናሽ ወፍ ናት። የጅራቷ ዳርና ዳር ነጭ ነው፤ ነፍሳትን ከመሬት እየለቀመች፣ ድንጋይ ላይ ቀጥ ብላ እየቆመች ትኖራለች። ወደ ሳይንስ መዝገብ ያስገባት እ.ኤ.አ. በ1831 ምጽዋ ደርሶ በሰሜን ተራሮችና በጎንደር የቆየው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1837 «ሳክሲኮላ ሶርዲዳ» አላት። ሶርዲዳ በላቲን ቆሻሻ ማለት ስለሆነ፣ ለዚህች ንጹሕ አየር ለምትመርጥ ወፍ ስሙ ፍትሐዊ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የወገን ስሟም አልረጋም። ስዊድናዊው ሱንደቫል በ1872 «ፒናሮክሮአ» የሚል ለብቻዋ አወጣ፤ በኋላ ከሌሎች የአፍሪካ ወፎች ጋር «ሰርኮሜላ» በተባለው ወገን ተጠቃለለች። በ2010 የታተመ የዘር ውርስ ጥናት ግን ሰርኮሜላ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ስብስብ አለመሆኑን ስላሳየ፣ ጥቂት ከተንከራተተች በኋላ ወደ ሱንደቫል ስም ተመልሳለች።

ትኩረት የሚሻው የንዑስ ዝርያዎቹ አከፋፈል ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ተራራ በተራራ ስም ተሰጥቷል፤ የኪሊማንጃሮዋ በ1885፣ የኬንያ ተራራዋ በ1900፣ የኤልጎኗ በ1912፣ የሰሜን ታንዛኒያ እሳተ ገሞራዎቹ በ1945 ለየብቻ ተሰየሙ። በኢትዮጵያ ግን ከሰሜን ተራሮች እስከ ባሌ ያሉት ሁሉ በሩፔል አንድ ስም ሥር ናቸው። ቀይ ቀበሮ እንኳ በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ለሁለት ንዑስ ዝርያ ተከፍሎ ሳለ፣ የወፏ ሳትከፈል መቅረት ያስገርማል። ክንፍ ላለው ፍጥረት ሸለቆ እንደ ግድግዳ አይቆጠር ይሆናል። ይሁን እንጂ ኪሊማንጃሮና ኬንያ ተራራም ለክንፍ ያን ያህል የተራራቁ አይደሉም፤ በመሆኑም የስሞቹ ብዛት የተራሮቹን አቀማመጥ ብቻ ሳይሆን የሰብሳቢዎችንም መንገድ የተከተለ ይመስላል። ሰብሳቢ የበዛበት ተራራ ስም በዛለት።

የላባ ጥቁረትና የክንፍ ርዝመት በሚሊሜትር የሚለኩ ነገሮች ናቸው። የጉናን ወፍ ከሰሜኗና ከባሌዋ ጋር ማስተያየት የሚሻ ሰው፣ መነሻ ልኩን የሚያገኘው የሩፔል ስብስብ ባለበት በፍራንክፈርቱ የዜንከንበርግ ሙዚየም ነው። ሁለተኛው ልክ ከጉና ራስ መምጣት አለበት፤ እዚያም የገብሱ ማሳ የጓሳውን ሣር እየገፋ ወደ ላይ በመውጣት ላይ ነው።