ስንቅ በጫማ ካርቶን

በኦገስት 1922 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የ21 ዓመቱ ሉዊ አርምስትሮንግ ከትውልድ ከተማው ከኒው ኦርሊንስ ተነስቶ ወደ ቺካጎ የሚሄድ ባቡር ተሳፈረ። ጆ ኦሊቨር የተባለው አንጋፋ የጃዝ ሙዚቀኛ በባንዱ ውስጥ እንዲጫወት ጠርቶታል። ወጣቱ የሚነፋውን ኮርኔት፣ ጥቂት ልብስና እናቱ ሜይ አን ያሰናዳችለትን ስንቅ ይዟል። ስንቁ ዳቦ መሀል የገባ ዓሣ ነበር። ይህ ጉዞ የሃያኛውን ክፍለ ዘመን ሙዚቃ መልክ ከቀየሩት ጉዞዎች አንዱ ሆነ። አርምስትሮንግ ግን በ1954 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ያን ቀን ሲያስታውስ ምግቡን አልዘለለውም። እናቱን የምታውቅ አንዲት ሴት ልጆቿን ይዛ እዚያው ፉርጎ ውስጥ ነበረች። የተጠበሰ ዶሮ የሞላ ትልቅ ቅርጫት ይዛ ስለነበር እሱም ከእነሱ ጋር እየበላ፣ ረሃብ ሳያውቀው ቺካጎ ገባ።

በዘመኑ ረጅም መንገድ የሚጓዙት የአሜሪካ ባቡሮች ምግብ አጥተው አልነበረም። ጆርጅ ፑልማን በ1868 "ዴልሞኒኮ" ብለው የሰየሙትን የመመገቢያ ፉርጎ ካስተዋወቁ ወዲህ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ የተዘረጋበትና የሚያብረቀርቅ ሹካና ማንኪያ የተደረደረበት ፉርጎ የባቡር ኩባንያዎች ኩራት ሆኖ ነበር። ከሚንቀለቀል ምድጃ ፊት ቆመው የሚያበስሉት፣ ሰሃን ተሸክመው በሚወዛወዘው ወለል ላይ የሚመላለሱት በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በደቡብ ግዛቶች ግን ገንዘቡን ከፍሎ የተሳፈረ ጥቁር መንገደኛ እዚያ ጠረጴዛ ቀርቦ እንደ ማንኛውም ሰው መብላት አይችልም ነበር። አንዳንዱ ባቡር ጨርሶ አያስገባውም፤ አንዳንዱ ነጮቹ በልተው እስኪነሱ ያስጠብቀዋል፤ ሌላው ደግሞ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ያስቀምጠውና መጋረጃ ይጋርድበታል። ስለዚህ ጥቁር እናቶች ስንቅ ይቋጥሩ ነበር።

መገፋቱ የጀመረው ከዚያ አስቀድሞ ነው። ኋላ ስመ ጥር ጋዜጠኛ የሆኑት አይዳ ቢ. ዌልስ በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ወጣት መምህርት ሳሉ፣ በቴነሲ ግዛት የሴቶች ፉርጎ ውስጥ በሰላም ተቀምጠው የባቡሩ ሠራተኞች ጎትተው አወጧቸው። ከሰሱ፤ በ1884 የ500 ዶላር ካሳ ተፈረደላቸው፤ በ1887 ግን የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። በ1890 ሉዊዚያና ለነጭና ለጥቁር የተለያየ ፉርጎ እንዲኖር ደነገገች። ሆሜር ፕሌሲ የተባሉ የኒው ኦርሊንስ ጫማ ሠሪ ይህን ሕግ ለመፈተን ከትግል ጓዶቻቸው ጋር መክረው ጁን 7 ቀን 1892 የነጮች ፉርጎ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ ተያዙም። ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘልቆ ሜይ 18 ቀን 1896 ዳኞቹ ሰባት ለአንድ በሆነ ድምፅ መለያየቱን አጸደቁት። የተቃወሙት ጆን ማርሻል ሃርላን ብቻ ነበሩ። ያን ዕለት የአድዋ ድል ገና ሁለት ወር ተኩሉ ነበር። በእኛ ተራሮች ላይ ድል የተመታው የነጭ የበላይነት ሐሳብ፣ በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ላይ የሕግ ማኅተም ተመታለት። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አድርጌ ባሰብኳቸው ቁጥር ልቤ ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ የጥቁሮቹ ቦታ ብዙውን ጊዜ ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ያለው ፉርጎ ሆነ። የከሰሉ ጭስና ብናኝ በመስኮት ይገባል። ብዙ ጊዜም ግማሹ የሻንጣና የዕቃ ማስቀመጫ ነው።

ስንቁ የሚሰናዳው በጉዞው ዋዜማ ሌሊት ነበር። ዶሮው ብልት ብልቱ ይወጣና ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይነሰነስበታል፤ ዱቄት ለብሶም በጋለ ስብ ይጠበሳል። ከዚያ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ በትኩሱ የተከደነ እንደሆነ ያልበውና ቆዳው ይልፈሰፈሳል። በሰም ወረቀት ይጠቀለላል። የተቀቀለ እንቁላል፣ ቁራጭ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ ቅቤና እንቁላል የበዛበት ጥቅጥቅ ያለ ኬክ ይጨመርበታል። ሁሉም በባዶ የጫማ ካርቶን ውስጥ ይደረደርና በሲባጎ ይታሰራል። በጥቁር አሜሪካውያን ትዝታ ውስጥ ዛሬም የሚኖረው ይኸው የጫማ ካርቶን ነው።

በዚያ ካርቶን ውስጥ ያለምክንያት የገባ ነገር አልነበረም። በደንብ የተጠበሰ ዶሮ ያለ በረዶ የመንገዱን ያህል ይቆያል፤ መረቅ ስለሌለው አይደፋም፤ ሹካና ቢላዋ አይጠይቅም፤ ቀዝቅዞም ይጣፍጣል። እንቁላሉ መያዣውን ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል። ኬኩ ክሬም ስላልተቀባ የደቡብ ሙቀት አያቀልጠውም። እኛም ዘንድ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ የዘማችና የሲራራ ነጋዴ ስንቅ የሆኑት በዚህ ዓይነት ስሌት ነው፤ መንገድ የሚችለውን ምግብ መንገደኛ ያውቀዋል። ካርቶኑም ቢሆን ጫማ ከተገዛ ከየትም ቤት አይጠፋም፤ ስንቁ ሲያልቅ ይጣላል፤ አዲስ አገር ሲደርሱ ተሸክመውት የሚዞሩት ዕቃ አይሆንም።

ይህን ስንቅ የድህነት ምልክት አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ ታሪኩን አልተረዳውም። ገንዘብ የነበራቸውም ይቋጥሩ ነበር፤ የተከለከለው መክፈል የሚችለውም ጭምር ነውና። ደግሞም ካርቶኑ የሚመክተው ረሃብን ብቻ አልነበረም። ሕፃን ልጅ ባቡር ውስጥ ሲርበው የሸተተውን ምግብ ይጠይቃል፤ ነጭ ልብስ የለበሱ አስተናጋጆች ወዳሉበት ፉርጎ እንሂድ ይላል። እናት ምን ትመልስ? እውነቱን ብትነግረው ልቡ ይሰበራል፤ ብትዋሸው ነገ ይደርስበታል። ካርቶኑ በጊዜ ከተከፈተ፣ የዶሮው ሽታም ፉርጎውን ከሞላው፣ ያ ጥያቄ ሳይነሳ መሽቶ ይነጋል። በዚያ ዘመን የስንት ልጅ ልብ ሳይሰበር ዳር እንደደረሰ ማንም አልመዘገበም። የመብት ትግሉ ታሪክ ሲጻፍ ጠበቆችና ሰባኪዎች ተገቢ ስፍራቸውን አግኝተዋል። እኔ ግን ሌሊቱን ምድጃ ሥር ያነጉ ሴቶች ከእነሱ እኩል ሊጠሩ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ሕግ ያላከበረውን የልጆቻቸውን ክብር እነሱ በእጃቸው ጠብቀውታልና።

ፉርጎው ውስጥ የሚሆነውም ነገር ደስ ይላል። ካርቶን ሲከፈት ለጎረቤት ሳይሰጡ መብላት ነውር ነው። አርምስትሮንግን ያበላችው ሴት ያደረገችው የተለየ ነገር አልነበረም። ስንቁ ያለቀበት ካላለቀበት ይካፈላል፤ ወዴት ትሄዳለህ፣ ዘመድ አለህ ወይ፣ ሥራ የት ይገኛል የሚለው ወሬ የሚጀመረውም በዚሁ ነው።

በመስኮት ከተወረወረው አጥንት የተነሳ እነዚያ ባቡሮች "የዶሮ አጥንት ኤክስፕረስ" የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ጥቁሮቹ እርስ በርሳቸው በፍቅር ይጠሩበት ነበር። ሌላው ግን በፖስት ካርድና በማስታወቂያ ሥዕል ሳይቀር ጥቁርንና ዶሮን አያይዞ ሲሳለቅ ኖሯል። በጭቆና የተገደዱበትን ነገር መልሶ መዘባበቻ ማድረግ ከጭካኔ ሁሉ የከፋ ነው። ሳይኪ ዊሊያምስ ፎርሰን የተባሉ ምሁር በ2006 ያሳተሙት የጥቁር ሴቶችንና የዶሮን ታሪክ የሚመረምር መጽሐፍ ይህን ቁስል ፊት ለፊት ይመለከታል። መጽሐፉ ከሚያነሳቸው ሁሉ እጅግ የምወደው የጎርደንስቪል ሴቶችን ታሪክ ነው።

ጎርደንስቪል በቨርጂኒያ ግዛት ሁለት የባቡር መስመሮች የሚገናኙባት ትንሽ ከተማ ናት። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማግስት፣ ባሮች ነፃ በወጡበት ዘመን፣ የከተማዋ ጥቁር ሴቶች የተጠበሰ ዶሮ፣ ዳቦና ቡና በትሪ ደርድረው በአናታቸው ተሸክመው ባቡሩ ሲቆም በየመስኮቱ ይሸጡ ነበር። መንገደኞች፣ ነጮችም ጭምር፣ የዚያን ጣቢያ ዶሮ ይጠብቁት ነበር። የቀድሞውን የድሬዳዋ መስመር የሚያውቅ አንባቢ ባቡር ሲቆም በየመስኮቱ ሥር ይሆን የነበረውን ግርግር አያጣውም። የጎርደንስቪል ሴቶች የሸጡት ግን የራሳቸውን ዶሮ፣ በራሳቸው ዋጋ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት እነሱ ራሳቸው ዋጋ ተተምኖባቸው የሚሸጡ ነበሩ። በዶሮ ብልት ሽያጭ ቤት የሠሩም ነበሩባቸው። የከተማው ሹሞች የፈቃድ ክፍያና ቁጥጥር ሲያበዙ፣ ባቡሮቹም የራሳቸውን መመገቢያ ፉርጎ ሲቀጥሉ ንግዱ እየከሰመ ሄደ።

ካርቶኑ እጅግ የበዛው ግን ከ1910ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው። እስከ 1970 ድረስ 6 ሚሊዮን ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ተሰደዱ። ከሚሲሲፒና ከሉዊዚያና የተነሳው ወደ ቺካጎ፣ ከጆርጂያና ከካሮላይናዎቹ የተነሳው ወደ ዋሽንግተን፣ ፊላደልፊያና ኒው ዮርክ፣ ከቴክሳስ የተነሳው ወደ ሎስ አንጀለስ ተመመ። በ1910 በቺካጎ 44,103 ጥቁሮች ነበሩ፤ በ1920 109,458 ሆኑ። በ1905 ሮበርት አቦት የመሠረቱት "ቺካጎ ዲፌንደር" ጋዜጣ የባቡር ሰዓት ሳይቀር እያተመ ሰዉን ይጠራ ነበር፤ የመኝታ ፉርጎ አስተናጋጆቹም ጋዜጣውን ደብቀው ወደ ደቡብ ያደርሱት ነበር። ወደ ሰሜን ስንቅ፣ ወደ ደቡብ ወሬ በአንድ ሐዲድ ይመላለስ ጀመር።

ክልከላው የተሰነጠቀው በፍርድ ቤት ነው። በ1937 የኮንግረስ አባሉ አርተር ሚቸል አንደኛ ማዕረግ ቲኬት ይዘው አርካንሶ ላይ ወደ ጥቁሮች ፉርጎ ተገፉ፤ በ1941 ረቱ። የኤልመር ሄንደርሰን ጉዳይ ግን በቀጥታ ስለ ምግብ ነበር። ሄንደርሰን በመከላከያ ፋብሪካዎች ያለውን የዘር አድልዎ የሚመረምር የፕሬዚዳንቱ ኮሚቴ ባልደረባ ነበሩ። ሜይ 17 ቀን 1942 ለዚሁ ሥራ ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ ሲጓዙ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ መመገቢያው ፉርጎ ሄዱ። ከወጥ ቤቱ አጠገብ ያሉት፣ ለጥቁሮች ይሆናሉ የተባሉት ሁለት ጠረጴዛዎች ነጮች ተቀምጠውባቸዋል፤ ባዶ ወንበር ግን አለ። የፉርጎው ኃላፊ አላስቀምጥም አለ፤ ምግቡን መቀመጫዎ ድረስ ላምጣልዎ ሲልም ሄንደርሰን እንቢ አሉ። ቦታ ሲገኝ እጠራዎታለሁ ተባሉ። እየተመላለሱ ቢያዩም የሚጠራቸው አልተገኘም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የመመገቢያው ፉርጎ ከባቡሩ ተፈቶ ቀረ፤ እሳቸውም እራት ሳይበሉ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ክሱ በሂደት ላይ እያለ ኩባንያው ደንቡን አሻሽያለሁ አለ፦ አሥር ባለአራት ወንበር ጠረጴዛ ለነጮች፣ አንድ ባለአራት ወንበር ጠረጴዛ በመጋረጃ ተከልሎ ለጥቁሮች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 5 ቀን 1950 በሙሉ ድምፅ ይህንንም ውድቅ አደረገው። የ1896ቱን ፍርድ ግን አልነካውም፤ የተመሠረተው ባቡሮች መንገደኞችን በእኩል እንዲያስተናግዱ በሚያዝዘው የንግድ ሕግ ላይ ብቻ ነው። በኖቬምበር 1955 የፌዴራሉ የትራንስፖርት ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ከግዛት ግዛት በሚሄዱ ባቡሮችና አውቶቡሶች፣ በማረፊያ ክፍሎቻቸውም፣ መለያየት እንዲቀር አዘዘ፤ ትእዛዙም ከጃንዋሪ 10 ቀን 1956 ጀምሮ ጸና።

በየጣቢያው በኪራይ የሚሠሩት ምግብ ቤቶች ግን በትእዛዙ አልተያዙም። ስለዚህ ካርቶኑ አልቀረም። በዲሴምበር 1958 ብሩስ ቦይንተን የተባሉ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ለበዓል ወደ አላባማ ሲሄዱ ሪችመንድ ላይ ከአውቶቡስ ወርደው የነጮቹ ምግብ ቤት ገቡ። ያዘዙት ሳንድዊችና ሻይ ነበር፤ ተይዘው 10 ዶላር ተቀጡ። ጠበቃው ተርጉድ ማርሻል ተከራክረውላቸው በዲሴምበር 1960 ረቱ፤ ፍርዱ ግን በየጣቢያው በሥራ ላይ እንዲውል በ1961 ወጣቶች አውቶቡስ ተሳፍረው እስከ መደብደብና እስከ መታሰር መድረስ ነበረባቸው። ጣቢያዎቹን የሚመለከተው አዲስ ትእዛዝ የጸናው ኖቬምበር 1 ቀን 1961 ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጇን ወደ ደቡብ የምትሸኝ እናት ዶሮ መጥበሷን አልተወችም።