የኩዌት የሥዕል ቤቶች ታሪክ እና እኛ

እህቶቼ፣ የዕረፍት ቀን ያላት ልጅ መንገዷ የታወቀ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ትሄዳለች፣ ገንዘብ ትልካለች፣ ከዚያ ማሊያ ወይም ፋርዋኒያ ሱቅ ለሱቅ ትዞራለች። እኔ ዛሬ አንድ መንገድ ልጨምርላችሁ ነው፤ የሥዕል ኤግዚቢሽን። «ይሄ የሀብታም ቦታ ነው፣ እኛ ምን እናደርጋለን?» የምትል እንዳለች አውቃለሁ። ታሪኩን ስታውቅ ግን ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል። ኩዌት ውስጥ ሥዕልን ካቆሙት ሰዎች መካከል ሻንጣቸውን ይዘው አገር የለወጡ ብዙ ናቸውና። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ነዳጅ ከመምጣቱ በፊት ይህ አገር ከባሕር ነበር የሚበላው። ወንዶቹ በጋውን አራት ወር ያህል በመርከብ ላይ ሆነው ሉል ፍለጋ ይጠልቁ ነበር። ብዙዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ከመርከቡ አለቃ ገንዘብ ይበደሩና በዕዳ ነበር የሚሠሩት። ቤተሰብ ትቶ በዕዳ መሄድ ምን እንደሆነ ለእኛ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ነዳጅ ወደ ውጭ የተጫነው በ1946 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1945፣ ሙጅብ አል ዶሳሪ የሚባል ወጣት ሥዕል ሊማር ወደ ካይሮ ተላከ። ተመልሶም ተማሪዎችን ሥዕል አስተማረ። በ1956 ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሳለ ሞተ። የኩዌት ዘመናዊ ሥዕል ታሪክ ሲነገር ከእሱ ይጀመራል።

በ1960 መንግሥት «አል መርሰም አል ሁር» የሚባል ቤት ከፈተ፤ ነፃ የሥዕል ቤት ማለት ነው። ሠዓሊዎች ቦታና ዕቃ እያገኙ እዚያ ይሠሩ ነበር። በ1969 ደግሞ ጋዚ ሱልጣን እና ናጃት ሱልጣን የተባሉ ወንድምና እህት ሱልጣን ጋለሪን ከፈቱ። ጋለሪ ማለት ሥዕል ለሕዝብ የሚታይበትም የሚሸጥበትም ቤት ነው። ከብዙ የዐረብ አገር የመጡ ሠዓሊዎች ሥራቸውን እዚያ አሳዩ። ዲያ አል አዛዊን የመሰሉ የኢራቅ ሠዓሊዎችም በ1970ዎቹ እዚያ አቅርበዋል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

በዚያው በ1969 አንድ ሌላ ነገር ኩዌት ውስጥ ተወለደ። ናጂ አል አሊ የሚባል ፍልስጤማዊ ከሊባኖስ የስደተኞች ካምፕ ወጥቶ በ1963 ለሥራ ወደዚህ መጥቶ ነበር። እንደ እኛው ሥራ ፍለጋ ማለት ነው። በጋዜጣ ላይ ካርቱን ይሥል ነበር። «አል ሲያሳ» በሚባለው የኩዌት ጋዜጣ ላይ ሐንዘላ የሚባል ልጅ ሣለ። ልብሱ የተጣፈ፣ እግሩ ባዶ፣ ዕድሜው ዐሥር ዓመት የሆነ ልጅ ነው። ሠዓሊው ከአገሩ ሲወጣ የነበረው ዕድሜ ይህ ነበርና፣ ልጁ ወደ አገሩ እስኪመለስ አያድግም ብሎ ወሰነ። ኋላ ላይ ልጁ ጀርባውን ለተመልካቹ ሰጥቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚቆም ሆነ። ናጂ አል አሊ በ1987 ለንደን ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ሐንዘላ ግን እስከ ዛሬ በግድግዳ፣ በከነቴራ፣ በአንገት ሐብል ላይ አለ። ካያችሁት አሁን ታውቁታላችሁ።

በጃንዋሪ 1977 አሜሪካዊው አንዲ ዋርሆል ለራሱ ኤግዚቢሽን ኩዌት መጥቶ ነበር። የሾርባ ቆርቆሮ ሥሎ በዓለም የታወቀ ሰው ነው። ያንን ቆርቆሮ እኛ በየቀኑ ከፍተን እንጥለዋለን፤ እሱ ግን ሰው ቆሞ እንዲያየው አደረገ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በኦገስት 2 ቀን 1990 የኢራቅ ጦር ገባ፣ ሰባት ወር ያህልም ቆየ። ሱልጣን ጋለሪ ተዘጋ። በ1983 የተከፈተው ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፎ ተቃጠለ። ብዙው ቅርስ ወደ ባግዳድ ተወሰደ፤ ከጦርነቱ በኋላ አብዛኛው በተባበሩት መንግሥታት በኩል ተመለሰ። ከሞሮኮ የመጣ ትልቅ የተቀረጸ የእንጨት በር ግን በእሳቱ ጠፋ፤ እሱን የሚመልስ የለም። አስቡት እንግዲህ፣ የኢራቅ ሥዕል በክብር በተሰቀለበት ከተማ የኢራቅ ወታደር ገባ። ሠዓሊውና ወታደሩ ግን አንድ አይደሉም። እኛም በአንዱ ሰው ሥራ የአገሩን ሕዝብ ሁሉ መፍረድ እንደሌለብን ይህ ታሪክ ያስተምረኛል። በኢትዮጵያዊት ላይም እንደዚያ የሚፈርድ አለና።

በወረራው ጊዜ ኩዌት ውስጥ ከቀሩት አንዷ ሱራያ አል ባቅሳሚ ናት። ሞስኮ የተማረች ሠዓሊና ደራሲ ናት። ወረራን እምቢ የሚል ሥዕል በድብቅ ሠራች። በሯ ላይ ወታደር ቆሞ ሴት ልጅ ቀለምና ወረቀት ስታነሣ፣ ሥዕል የጌጥ ነገር ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ከጦርነት በኋላም ቢሆን ሥዕል ያስፈራቸው ሰዎች አሉ። በ2012 የሹሩቅ አሚን ኤግዚቢሽን የወንዶችን ድብቅ ኑሮ ስላሳየ በተከፈተበት ምሽት በባለሥልጣናት ተዘግቷል።

ቤቶቹ ግን ቀስ በቀስ ተመለሱ። በ2003 በሸርቅ፣ በድሮው የምሥራቅ ትምህርት ቤት ሕንፃ፣ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። በ2006 ፈሪዳ ሱልጣን የወንድምና የእህቷን ጋለሪ ሰብሃን በሚባለው የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር መልሳ ከፈተች። ከብሔራዊ ሙዚየሙ አጠገብ ደግሞ የሳዱ ቤት አለ። ሳዱ የበደዊን ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው የሚሸምኑት የሱፍ ሥራ ነው፤ ድንኳኑም ከእሱ ይሠራል። በእኛ አገር ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። እዚህ ሁሉም በሴቷ እጅ ነበር።

የእኛንም ሰው ልጨምር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 ሐረር ተወለደ፣ ጀርመን አገር ተማረ፣ አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በደርግ ዘመን ተሰደደ፣ በ1981 አሜሪካ ሞተ። አገሩን መልሶ አላየም። በጀርመን ተጠብቀው የቆዩ ሥዕሎቹ ግን ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፣ በ2008 ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም ተከፈተ። ለዕረፍት አገር ስትገቡ እዩት። ሰውየው ባይመለስም ሥራው ተመልሷል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። አብዛኞቻችን ሥዕልን የምናውቀው ፍሬሙን ስንወለውል ነው። እየወለወሉ ደግሞ ሥዕል አይታይም፤ ዓይን መስተዋቱ ላይ ያለውን አቧራና የጣት አሻራ ነው የሚያየው። ሥዕል ለማየት እጅ ሥራ መፍታት አለበት። ለዚህ ነው ነገሩ ከዕረፍት ቀን ጋር የሚያያዘው። በ2015 የወጣው የኩዌት ሕግ ቁጥር 68 ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት፣ በቀን ደግሞ ከ12 ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ይላል። ብዙ እህቶች ይህን ቀን አያገኙም። ሲጠይቁ «ወጥተሽ ምን ልትሠሪ ነው?» ይባላሉ፤ መውጣት ሁሉ ብልግና ይመስል። መልስ አለን። «ሙዚየም እሄዳለሁ» ማለት ይቻላል፣ እውነትም መሄድ ይቻላል። በእርግጥ ዕረፍቱ ምክንያት ሳይጠየቅ የሚሰጥ መብት ነው።

የምትሄዱ ከሆነ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። የግል ጋለሪዎች በአብዛኛው መግቢያ አያስከፍሉም። አርብ የሚዘጋ ወይም ከሰዓት ብቻ የሚከፍት ስላለ ቀድማችሁ ደውሉ። ባጣቃችሁን ያዙ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፣ የታክሲውንም ሒሳብ ተካፈሉ። በሩ ላይ አንገት መድፋት የለም፤ ሰላም ብሎ መግባት ነው። ሥዕሉን አትንኩ፣ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ሁሉንም ለማየት አትሩጡ። አንዱን መርጣችሁ ቁሙና ማን እንዳለበት፣ ማን እንደሌለበት እዩ። ባሕረኛው አለ፣ በደዊኗ አለች፣ ስደተኛው ልጅ አለ። ልጅ አዝላ ወጥ የምታማስለው፣ ሌሊት ብረት የምትተኩሰው አለችበት ወይ? ከሌለች ለምን? ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ስትመለሱ መኝታ ቤት አውሩበት።

እርሳስና ደብተር ደግሞ ባቃላ ውስጥ በርካሽ ይገኛል። ከእኛ መሳል የምትችል እንዳለች አውቃለሁ፤ ለዚህ መጽሔት ትላክ።