ከአልጋ እስከ በር 22 ጣቢያ

ስሙኝማ፣ የዛሬው ትረካ ስለ አንድ የሠፈራችን ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እናቱ «ታሪኩ ይነገር፣ ስሙ ግን የራሱ ነው» ብላለች፤ እኔም ቃሏን አከብራለሁ።

ልጁ 12 ዓመቱ ነው፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ። ቤታቸው ጉርድ ሾላ ነው፣ ከባቡሩ ሐዲድ ብዙም አይርቅም። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ልጁ ገና በእናቱ ጀርባ ይታዘል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ልቡ ከሐዲዱ ተለይቶ አያውቅም። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያሉትን ጣቢያዎች ጠይቁት። አያት፣ መሪ፣ ሲኤምሲ ብሎ ይጀምርና መገናኛን፣ ሃያ ሁለትን፣ ዑራኤልን፣ ስታዲየምን አልፎ 22ቱንም ሳያዛንፍ ጦር ኃይሎች ያደርሳችኋል። ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው መስመርም 22 ጣቢያ አለው። «ግን 44 እንዳትሉ» ይላችኋል፤ «ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉት 5ቱ የሁለቱም ናቸው። ጠቅላላው 39 ነው።» ልክ ነው፤ ቆጥራችሁ ድረሱበት።

ይኸው ልጅ ጠዋት ለብሶት የወጣውን ሹራብ ማታ የት እንደጣለው አያውቅም። ምሳ ዕቃው ትምህርት ቤት ያድራል፤ እስክሪብቶ አንድ ሳምንት አይበረክትለትም። አንድ ቅዳሜ እናቱ ሱቅ ላከችው። ሁለት እንቁላልና ግማሽ ሊትር ዘይት ይገዛል፣ በመንገዱም የጎረቤትን ወንፊት ይመልሳል። ወንፊቱን ይዞ ሄደ፣ ወንፊቱን ይዞ ተመለሰ። እንቁላሉስ? ዝም። ዘይቱስ? ዝም። ብሩ ከነድፍኑ ኪሱ ውስጥ አለ። ባቡር ሲያልፍ ቁጥሩን ሊያነብ ቆሞ፣ ባቡሩ ሲያልፍ መልእክቱም አብሮት አለፈ።

ሌላም ሌላም ነገር አለ። «እግርህን አንሳ» ብትሉት አንድ እግሩን ከመሬት አንሥቶ ቆሞ ያያችኋል፤ ቀልዱን አይደለም። የሸሚዙ አንገት ላይ ያለችው ጨርቅ ታሳክከዋለችና ካልተቆረጠች አይለብስም። ሠርግ ቤት ድምፅ ማጉያው ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ከጠረጴዛ ሥር ይገባል። ከልጆች ጋር መጫወት ይወዳል፤ ጨዋታው ግን ወይ ባቡር ነው ወይ ምንም። እናቱ ይህን ሁሉ «ጠባዩ ነው» ብላ ይዛው ኖራለች። መፍትሔ ያጣችለት መርሳቱ ነበር።

በዓመቱ አጋማሽ ከትምህርት ቤት ተጠራች። መምህሩ መዝገቡን ገለጠላት፤ የቤት ሥራ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። «ልጅሽ ሰነፍ ነው። ጭንቅላት አለው፣ ግን ሰነፍ ነው» አላት። ማታ ቦርሳውን አልጋ ላይ ዘረገፈችው። ከታች፣ ከተጨማደደ ወረቀት ጋር፣ የቤት ሥራዎቹ ወጡ። ሁሉም ተሠርተዋል። እዚያው በተቀመጠበት ሠርቷቸው፣ ቦርሳው ውስጥ ከቷቸው፣ ሳያስረክባቸው ቀርቷል። «ለምን አልሰጠሃቸውም፣ የኔ ጌታ?» ብትለው፣ «ቲቸር ‹የሠራችሁ አምጡ› ሲል የሂሳብ ጥያቄ እያሰብኩ ነበር። ከዚያ አለፈ» አላት።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሥራውን መሥራት አንድ ነገር ነው፤ በሰዓቱ አስታውሶ ማስረከብ ሌላ ነገር ነው። አንዱን የሚችል ሌላውን ላይችል ይችላል። ስንቱ ልጅ ነው ይህ ልዩነት ሳይታወቅለት «ሰነፍ» ተብሎ ያደገው? እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ሠፈርተኛውማ ምክሩን መቼ ይነፍጋል! አንዷ ቡና ላይ «ዓይን በልቶታል» አለች። ሌላው «ሞልቃቃ ስላደረጋችሁት ነው፤ ልምጭ አልቀመሰም» አለ። አያቱ ጠበል ወሰዱት፤ እናቱም አልከለከለችም፤ ጸሎቱን ትፈልገዋለች። አሜሪካ ያለችው አክስቱ ደግሞ ስልክ ደውላ ስትሰማ «ይሄ ነገር አስፐርገር እንዳይሆን፤ አስመርምሩት» አለች። ቃሉን በቤቱ የሰማው ሰው አልነበረም።

የአባቱ ነገር ግን ከሁሉም ይብሳል። አባቱ ለፍቶ አዳሪ ነው፤ በዚያ ዓመት ሦስተኛው ሹራብ ሲጠፋ ትዕግሥቱ አለቀ። ቀበቶውን ፈታ። ይህን ጊዜ ጥግ ላይ ጥጥ ይፈትሉ የነበሩት አያቱ እንዝርቱን ጣሉትና ተነሡ።

«ተው አንተ! ረሳኸው እንዴ? መንዝ በግ ስትጠብቅ የእያንዳንዷን በግ እናት፣ የእናቷንም እናት በቃልህ ትቆጥር አልነበር? አባትህ ለእንግዳ ያስቆጥርህ አልነበር? ሲመሽ ግን በጎቹን መመለስ ትረሳና ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ እናገኝሃለን። ጅብ ሁለቱን የበላ ለት አባትህ ገረፈህ። ሳምንት በሆድህ ተኛህ። ከዚያ በኋላ መርሳት ተውክ?»

አባትየው መልስ አልሰጠም። አያቱ ራሳቸው መለሱ። «አልተውክም። መቁጠሩን ተውክ።»

ቀበቶው ተመለሰ። ሰውየው ያን ማታ እራት አልበላም፤ በማግሥቱ ግን ከሥራ አስፈቅዶ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ሆስፒታል ሄደ። በርካታ ጥናቶች ኦቲዝም በዘር ሐረግ እንደሚወራረስ ያሳያሉ፤ ለምርመራ ልጁን ይዘው የሚሄዱ አባትና እናት የራሳቸውን ልጅነት እዚያው የሚያገኙበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሐኪሟ አልቸኮለችም። እርግዝናው እንዴት ነበር፣ መቼ አፉን ፈታ፣ ብቻውን ሲሆን ምን ይጫወታል፣ እንቅልፉስ? ጆሮው እንዲመረመር አዘዘች። ፈዞ የሚቀርባቸው፣ ሲጠሩት የማይሰማባቸው አጫጭር ጊዜያት እንዳሉም ጠየቀች፤ ሰውነት ሳያንፈራግጥ ለሰከንዶች ብቻ የሚያፈዝ የሚጥል በሽታ ዓይነት ስላለ ነው፣ ያ ከሆነ መድኃኒት አለው። ደም ማነስና የእንቅልፍ ማጣትም ልጅን ዝንጉ ያደርጋሉ። እነዚህን አንድ በአንድ ካጣራች በኋላ ነው ስለ ኦቲዝም ያነሣችው። ኦቲዝም በደም ምርመራ አይገኝም፤ የሚታወቀው የልጁን ታሪክ በመስማትና ልጁን በማየት ነው። ትኩረት የማጣት ችግርም ሊደረብበት ይችላል አለች። በነገራችን ላይ የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች መመሪያ የሁለቱን ስም ለአንድ ልጅ አንድ ላይ መስጠትን እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ይከለክል ነበር፤ አንዱ ተይዞ ሌላው የተረሳባቸው ልጆች ብዙ ናቸው።

«አስፐርገር ነው?» አለች እናቲቱ።

«ቀድሞ ቢሆን እንዲያ ልንለው እንችል ነበር። ገና ደጋግሜ አየዋለሁ» አለች ሐኪሟ፣ የስሙንም ታሪክ ነገረቻቸው። እኔም ልንገራችሁ፣ ብዙ ወላጅ አያውቀውምና።

ሃንስ አስፐርገር የቪየና የሕፃናት ሐኪም ነበር። በ1944 እ.ኤ.አ. ጥሩ አድርገው የሚናገሩ፣ ባንድ ነገር ላይ ጥልቅ እውቀት ያላቸው፣ ከሰው ጋር መግባባት ግን የሚከብዳቸውን ልጆች ገልጾ ጻፈ። ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ሊዮ ካነር አሜሪካ፣ ባልቲሞር ላይ ስለ ኦቲዝም ጽፎ ነበር። የአስፐርገር ጽሑፍ በጀርመንኛ ስለነበር ለዓመታት ብዙ አንባቢ አላገኘም። በ1981 ሎርና ዊንግ የተባለች እንግሊዛዊት ሳይካትሪስት «የአስፐርገር ሲንድረም» የሚለውን ስም አስተዋወቀች። እሷ ራሷ ኦቲዝም ያለባት ሴት ልጅ እናት ነበረች። ስሙ በ1994 የአሜሪካው መመሪያ ውስጥ ገባ፣ በ2013 ወጣና በኦቲዝም ስፔክትረም ተጠቃለለ፤ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት ምደባም ይህንኑ አደረገ።

ደግሞ ክፉው ክፍል አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሄርቪግ ቼክ የተባለ የታሪክ ተመራማሪ ከቪየና መዛግብት ያገኘውን አወጣ፤ አስፐርገር ከናዚዎች ጋር ተባብሯል፣ ልጆችንም አም ሽፒግልግሩንድ ወደሚባል ተቋም ልኳል። እዚያ ወደ 800 የሚጠጉ ሕፃናት አልቀዋል። እናቲቱ ይህን ስትሰማ «እንግዲያው ልጄ በዚያ ሰው ስም አይጠራም» አለች። በዚህ ስም ራሳቸውን ሲያውቁ የኖሩ፣ ስሙን የሚወዱ አዋቂዎች አሉ፤ መብታቸው ነው። እሷ ግን አልፈለገችም፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

እኛ አገር ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች መንገድ የጠረገችው እናት ናት። በውበት ሙያ ትታወቅ የነበረችው ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጇ ትምህርት ቤት ስታጣ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። በኋላም የነህምያ ማዕከል ተከተለ። እነዚህ ማዕከላት ብዙ ድጋፍ ለሚያሻቸው ልጆች የቆሙ ናቸው፤ ወረፋቸውም ረጅም ነው። የእኛ ልጅ ዓይነቱ፣ አንደበቱ የተፈታው፣ ሂሳብ የሚሠራው፣ መሃል ላይ ይቀራል። ለማዕከሉ «ደህና ነው»፣ ለትምህርት ቤቱ «ሰነፍ ነው»። ድጋፉ ከቤት ካልጀመረ ከየትም አይመጣለትም። የሁኔታው ስም እስኪታወቅ መጠበቅም አያስፈልግም፤ ሹራብ የሚረሳ ልጅ የሚረዳበት መንገድ ስሙ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው።

ሐኪሟ ያለቻቸው ይህን ነው፦ «ያለፈውን ማስታወስና ወደፊት ሊያደርጉት ያሰቡትን ማስታወስ ይለያያሉ። ልጃችሁ የመጀመሪያው ሞልቶለታል፣ ሁለተኛው ያስቸግረዋል። ሦስት ትእዛዝ አትደርቡለት። የሚታወሰውን ነገር ከጭንቅላቱ አውጡና ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ አስቀምጡት።»

እናቲቱ ቤቷ ገብታ የጠዋቱን ሥራ በዝርዝር ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈችው። መነሣት፣ መታጠብ፣ ዩኒፎርም፣ ቁርስ፣ ቦርሳ፣ ጫማ። ልጁ ዞር ብሎም አላየው። ደግማ አሰበች። አረንጓዴ ማርከር ገዛች፣ ረጅም መስመር አሰመረች፣ ሥራዎቹን እንደ ባቡር ጣቢያ በክብ በክብ አደረገቻቸው። አሁን መጣ። አየው። «ስህተት ነው» አላት። «አረንጓዴው መስመር 22 ጣቢያ ነው ያለው። ያንቺ 6 ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይናደዳል። እሷ ማርከሩን ሰጠችው። አብረው ተቀመጡና የጠዋቱን ሥራ እስከ 22 ዘረዘሩት። «ታጠብ» የሚለው አንድ ትእዛዝ ቧንቧ መክፈት፣ ፊት፣ ጥርስ፣ ቧንቧ መዝጋት፣ ፎጣውን መስቀል ሆነ። ለካ እሷ አንድ የመሰላት ሥራ ለሱ አምስት ኖሯል! ፎጣው ሁልጊዜ ወለል ላይ የሚቀረው፣ ቧንቧው ሳይዘጋ የሚያድረው ለዚህ ነበር። ታናሽ እህቱ «የኔስ?» ስትል ሰማያዊ መስመር ተሰመረላት። ሁለቱ መስመሮች የሚጋሯቸው 5 ጣቢያዎችም ተገኙ፤ ቁርስ ላይ ገጥመው አብረው ይሄዳሉ።

ተአምር ሆነ አልላችሁም። መጀመሪያ ላይ እናቱ አጠገቡ ቆማ «አሁን የት ጣቢያ ነህ?» እያለች ነበር፤ «ስንት ጊዜ ልንገርህ!» የሚለው ከቤቱ ወጣ። ቀስ በቀስ እየራቀች ማድ ቤት ሆና ትጠይቀው ጀመር። ቦርሳው ማታውኑ ተዘጋጅቶ በሩ ሥር ይቀመጣል፤ ሳይሻገረው መውጣት አይችልም። የሹራቡ አንገት ላይ ስሙ በክር ተጠልፏል፤ የጠፋው ሹራብ አሁን ይመለሳል። ሱቅ ሲላክ መጀመሪያ የተባለውን ራሱ ደግሞ ይናገራል፣ ከዚያ በወረቀት ይዞ ይሄዳል። መብራት የሌለ ቀን፣ እንግዳ ያደረ ቀን ሁሉም ይፈርሳል፤ በማግሥቱ እንደገና ይጀመራል። አባቱ ለራሱ ቁልፍ በሩ አጠገብ ምስማር መትቷል።

መምህሩ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ተጠየቀ፤ ለክፍሉ «የሠራችሁ አምጡ» ካለ በኋላ ልጁ ዘንድ ሄዶ በስሙ ጠርቶ «ደብተርህን ስጠኝ» እንዲለው። 50 እና 60 ልጅ ለሚያስተምር ሰው ይህም ቀላል አይደለም። ቢሆንም አደረገው፤ ምስጋና ይገባዋል። የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መዝገብ ላይ ዜሮ ሁለት ብቻ ነው ያለው።

አሁን የሚያስጨንቃቸው መጪው ዓመት ነው። ሰባተኛ ክፍል አዲስ ትምህርት ቤት፣ ለየትምህርቱ አዲስ መምህር ይመጣል። እናቲቱ ለአዲሶቹ መምህራን የግማሽ ገጽ ደብዳቤ ጽፋለች። አንድ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይሰጠው፤ የቤት ሥራው በስሙ ተጠርቶ ይጠየቅ፤ ጫጫታ ሲበዛበት ለጥቂት ደቂቃ ደጅ ይውጣ። ደብዳቤውን ልጁ እንዲያየው ሰጠችው። አነበበው፣ ሁለት የፊደል ግድፈት አረመ፣ ከታች በራሱ ጽሕፈት አንድ መስመር ጨመረበት፦ «የመማሪያ ክፍል የሚቀየር ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ይነገረኝ።» ምዝገባው ነሐሴ ላይ ነው፤ ደብዳቤውን ይዞ የሚሄደው አባቱ ነው።