ከቅባቱ ይልቅ ስሙ፤ የማዳም ዎከርና የወይዘሮ ማሎን የንግድ ታሪክ

በመዋቢያ ዕቃዎች ንግድ የተሰማራ ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ፣ ደንበኛው በእርግጥ የሚገዛው ምንድን ነው የሚለው ነው። በቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ቅባት ተወዳዳሪም ሊቀምመው ይችላል፤ የባለቤቱ ብቻ ሆኖ የሚቀረው በቆርቆሮው ላይ የታተመው ስም ነው። ይህ ስም እንዴት እንደሚገነባና እንዴት እንደሚደክም፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ በአሜሪካ የነገዱ ሁለት ጥቁር ሴቶች ታሪክ ያስረዳል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚያን ዘመን ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን በቤታቸው የቧንቧ ውሃ ስላልነበራቸው፣ የራስ ቆዳ ሕመምና የፀጉር መርገፍ የተለመደ ችግር ነበር። ታላላቆቹ የመዋቢያ ነጋዴዎች ግን ለእነዚህ ሴቶች ደንታ አልነበራቸውም። ይህን ክፍተት ቀድመው ከተረዱት አንዷ አኒ ተርንቦ፣ በኋላ ወይዘሮ ማሎን የተባሉት ናቸው። በ1902 ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ መጥተው ቅባታቸውን ከቤት ወደ ቤት እያዞሩ ሸጡ፤ አስመሳዮች ሲበዙባቸውም በ1906 «ፖሮ» የሚለውን ስም በንግድ ምልክትነት አስመዘገቡ።

ከወይዘሮ ተርንቦ ወኪሎች አንዷ ሣራ ብሪድላቭ ነበሩ። ሣራ በ1867 በሉዊዚያና የቀድሞ ባሮች ከነበሩ ወላጆች ተወለዱ፤ በሰባት ዓመታቸው ወላጆቻቸውን፣ በሃያ ዓመታቸው ባላቸውን በሞት አጡ። አንዲት ሴት ልጃቸውን ይዘው በሴንት ሉዊስ ለረጅም ዓመታት ልብስ በማጠብ ኖሩ። በ1905 ወደ ዴንቨር ተሻግረው በተከታዩ ዓመት ቻርልስ ጆሴፍ ዎከርን አገቡና፣ በአዲሱ ስማቸው የራሳቸውን የፀጉር ቅባት ለገበያ አወጡ። ወይዘሮ ተርንቦ ሥራቸው እንደተቀዳባቸው ቆጠሩት። ሆኖም ድኝና ቫዝሊንን የመሰሉት ዋና ዋና ቅመሞች ከሁለቱም በፊት የታወቁ ስለነበሩ፣ ፉክክሩ የሚለየው በቅመም ሳይሆን በስም ነበር።

ማዳም ዎከር ስማቸውን በሦስት ነገሮች ላይ አቆሙት። አንደኛው የማዕረግ ስሙ ራሱ ነው። ጥቁር ሴት፣ አዋቂም ብትሆን፣ በነጮች ዘንድ ያለ ማዕረግ በተጸውዖ ስሟ ብቻ በምትጠራበት አገር፣ «ማዳም» ብሎ በቆርቆሮ ላይ ማተምና የራስን ፎቶግራፍ ማኖር ክብርን መጠየቅ ነበር። ሁለተኛው ትምህርት ነው፤ በ1908 በፒትስበርግ የፀጉር እንክብካቤ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1910 ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተዛውረው ፋብሪካ አቋቋሙ፤ በማግሥቱም ዓመት ኩባንያቸውን በሕግ አስመዘገቡ። ሦስተኛውና ዋነኛው ወኪሎቻቸው ናቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ከልብስ አጠባና ከቤት ሠራተኝነት ወጥተው የራሳቸውን ገቢ አገኙ። በ1917 በፊላዴልፊያ በተደረገው የወኪሎች ጉባኤ ብዙ ለሸጡት ብቻ ሳይሆን ለበጎ አድራጎት ለሰጡትም ሽልማት ተሰጠ፤ ጉባኤተኞቹም ጥቁሮችን ያለ ፍርድ መግደልን በመቃወም ለፕሬዚዳንት ዊልሰን መልእክት ላኩ።

ይህ ሁሉ ያለ ነቀፌታ አልሆነም። ፀጉርን ማለስለስ ነጮችን መምሰል ነው የሚሉ ነበሩ። በ1912 በቺካጎ በተደረገው የጥቁር ነጋዴዎች ጉባኤ ሊቀመንበሩ ቡከር ዋሽንግተን ሊያናግሯቸው ስላልፈለጉ፣ ማዳም ዎከር ሳይጋበዙ ተነሥተው ተናገሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን በክብር ተናጋሪነት ቀረቡ። ዓላማቸው ፀጉርን ማለስለስ ሳይሆን ጤናውን መጠበቅ መሆኑን ቢያስረዱም፣ የጋለ ማበጠሪያ የአሠራራቸው ክፍል ስለነበረ ክርክሩ በዚያ አልተዘጋም።

የሁለቱ ድርጅቶች ፍጻሜ የተለያየ ነው። ማዳም ዎከር በ1919 በ51 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ሒሳቡንና አስተዳደሩን የያዙት ጠበቃቸው ፍሪማን ራንሰም ሥራውን ቀጠሉ፤ ድርጅቱም እስከ 1980ዎቹ ዘለቀ። ወይዘሮ ማሎን በ1918 ታላቅ የፖሮ ኮሌጅ ሠርተው ነበር። ነገር ግን በ1927 ባላቸው ሲፋቱ የድርጅቱን ግማሽ ጠይቀው 200,000 ዶላር ወሰዱ፤ የግብር ዕዳ ተከተለ፤ በ1951 መንግሥት ድርጅቱን ተቆጣጠረው። ቀዳሚዋ ወይዘሮ ማሎን ሆነው ሳለ ዛሬ በይበልጥ የሚታወሰው የተማሪያቸው ስም ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የንግድ ስም ግን ከባለቤቱ በኋላም ሒሳብ የሚጠብቅለት ሰው ይሻል።